የ30 ቀን የጌም ስዕል ቻሌንጅ፦ በየትኛው አፕ፣ በምን ሳይዝ፣ በቀን ስንት ደቂቃ?

ሚጥሚጣ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመጪው ወር 1 ጀምሬ ለ30 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ከቪዲዮ ጌም የተነሳ ዲጂታል ስዕል ልሥራ ብያለሁ። ያለኝ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ (ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል)፣ ተራ ማውስ እና አንድሮይድ ስልክ ነው። ፔን ታብሌት የለኝም። አፕ የትኛውን ልያዝ? ሳይዙ ስንት በስንት ይሁን? የየቀኑን ርዕስ እንዴት ልደርድር? ሌላው ደግሞ ቴሌግራም ላይ የምለጥፈው ሁሉ ብዥ ይልብኛል፣ ምክንያቱን ብትነግሩኝ።

ነጥብ በነጥብ፦
እህቴ፣ እጅሽ ላይ ያለው ማውስ ብቻ ከሆነ ፒክስል አርት (በትናንሽ ካሬ ነጥቦች የሚሠራ ስዕል) ያዥ። ማውስ የእጅ ጫና አያውቅም፣ መስመር አያቀጥንም፣ አያወፍርም። ፒክስል አርት ላይ ግን እያንዳንዷን ነጥብ በክሊክ ስለምታስቀምጪ ጫናው ከነአካቴው አያስፈልግም።

ሳይዙን 32 በ32 አድርጊና እስከ ቀን 30 አትንኪው። 1,024 ነጥብ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። 64 በ64 ሲሉት እጥፍ ይመስላል እንጂ 4,096 ነጥብ ነው፣ አራት እጥፍ። ብዙ ሰው ቻሌንጁን የሚያቋርጠው በዚህ ነው፤ ቀን 1 ሲያምርለት ቀን 2 ላይ ሸራውን ያሰፋል፣ ቀን 5 ላይ የሦስት ሰዓት ሥራ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ላይ ትንሹ ጭራቅ 8 በ8፣ መካከለኛው 11 በ8፣ ትልቁ 12 በ8 ነጥብ ነው። የማይንክራፍት ብሎክ ገጽ እስከ ዛሬ 16 በ16 ነው።

አፕ፦ ላፕቶፑ ላይ ሊብረስፕራይት ጫኚ። ነፃ ነው፣ ለ4 ጊጋ ራምም አይከብድም። ኤስፕራይት ከሚባለው የሚከፈልበት አፕ የድሮ ነፃ ኮድ የወጣ ስለሆነ አቀማመጡ ተመሳሳይ ነው፤ የኤስፕራይት ትምህርት ቪዲዮ አብዛኛው ለሱም ይሠራል። መጫን ካልፈለግሽ ፒስኬል በብራውዘር ይከፈታል። ስልክ ላይ አይቢስ ፔይንት ይበቃል፣ ግን የብሩሹን ጠርዝ ማለስለሻ አጥፊ፤ ካላጠፋሽው በየመስመሩ ዳር ግማሽ ግራጫ ነጥብ ይረጭብሻል።

ሰዓት፦ 40 ደቂቃ ሙይ። 5 ሪፈረንስ (አይተሽ የምትሠሪበትን ምስል) ለማየት፣ 10 ጥላ ቅርጹን በአንድ ጥቁር ቀለም ለመሙላት፣ 15 ለቀለም፣ 5 ለማረም፣ 5 ኤክስፖርት አድርጎ ለመለጠፍ። አስሩ ደቂቃ ሲያልቅ ጥቁሩ ቅርጽ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ቀለም አትጀምሪ። ቀለም የተበላሸ ቅርጽ አያድንም።

ደቦ፦
ስለ መብራቱ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልጨምር። ፒስኬል ሥራሽን የሚያስቀምጠው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። የብራውዘሩን ዳታ ስታጸጂ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቁር ቅርጹ እንዳለቀ አንዴ፣ ቀለሙ እንዳለቀ አንዴ ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ አውርጂ። ሊብረስፕራይት ላይ ደግሞ ገና ባዶ ሸራ እንደከፈትሽ ስም ሰጥተሽ ሴቭ አድርጊ፤ ከዚያ ኮንትሮልና ኤስን መጫን ነው በየአምስት ደቂቃው።

ስሙን «ቀን-01» ብለሽ ጀምሪ፣ «ቀን-1» አይሁን። ያለዜሮ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሲደረድር 10ኛውን ከ2ኛው በፊት ሊያመጣብሽ ይችላል፤ መጨረሻ ላይ 30ውን በአንድ ገጽ ልሰብስብ ስትይ ይመሰቃቀላል።

ከሰል፦
ርዕስ አደራደር ላይ ልግባ። በየማለዳው «ዛሬ ምን ልሣል?» ማለት ከ40ው ደቂቃ 20ውን ይበላል። 30ውን ርዕስ ከመጀመርሽ በፊት ጻፊ። (ውጭ አገር በኦክቶበር ወር የሚካሄደው የስዕል ቻሌንጅ ዝርዝር 31 ርዕስ ነው። የኛ ወር 30 ስለሆነ ከ1 እስከ 30 ብትይዢ ቀኑና ቁጥሩ አይጣላም።)

በስድስት ስድስት ቀን ከፋፍዪው፣ አምስት ዙር ይወጣል። በየዙሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ዕቃ ይሁኑ፦ ቁልፍ፣ ሰይፍ፣ ሣጥን፣ ብልቃጥ፣ ጋሻ፣ ካርታ። አራተኛው ጭራቅ፣ አምስተኛው ሰው፣ ስድስተኛው ክፍት። ክፍቱ ቀን ያመለጠሽን መክፈያ ነው፤ ያመለጠ ከሌለ ከአምስቱ የከፋውን ደግመሽ ትሠሪዋለሽ። ይህን ቀን ያልያዘ ዝርዝር አንድ ለቅሶ ወይም አንድ ሠርግ ሲመጣ ይፈርሳል።

የሰው ቀን ከባድ ነው። 32 ነጥብ ላይ ፊት ለማውጣት አትታገዪ። ማሪዮን እዪ፦ በ1981ው ዶንኪ ኮንግ ላይ ኮፍያ የደፋው ፀጉር በዚያ ነጥብ መሣል ስላስቸገረ ነው፣ ጢሙ አፍንጫውን ከፊቱ ለመለየት፣ ቱታውም ሲሮጥ የእጁ እንቅስቃሴ እንዲታይ። እንግዲህ ነጠላ፣ ጥምጥም፣ ጋቢ ያለው ሰው አይቸገርም። አንድ ትልቅ ልብስ ምረጪና ፊቱን በሁለት የዓይን ነጥብ እለፊው።

የዕቃ ቀን አንድ ላሳይሽ። «ሕይወት የሚሞላ መድኃኒት» የሚለውን ርዕስ በጌሞቹ ቀይ ብልቃጥ ፋንታ ጀበና አድርጊው። የኛ ሰው ሕይወት በምን እንደሚሞላ ይታወቃል።

ረድፍ ከላይ ወደ ታች፣ አምድ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱንም ከ1 ቁጠሪ። ረድፍ 2 እና 3 ውታፉ ነው። ከ4 እስከ 13 አንገቱ፣ ከአምድ 15 እስከ 18። ከ14 እስከ 29 ሆዱ፤ የየረድፉ ስፋት በቅደም ተከተል 6፣ 10፣ 12፣ 14፣ 14፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ 16፣ ከዚያ 14፣ 14፣ 12፣ 10፣ 6። መሃሉ በአምድ 16 እና 17 መካከል ይለፍ። ረድፍ 30 እና 31 ማቶቱ፣ 12 ነጥብ ስፋት። ማቶቱን ከተውሽው ሆዱ አየር ላይ የተንጠለጠለ ኳስ ይመስላል።

እጀታው 2 ነጥብ ውፍረት ይኑረው። ከአንገቱ ረድፍ 7 ላይ ይወጣል፣ አምድ 23 እና 24 ላይ ይወርዳል፣ ረድፍ 17 ላይ ሆዱን ይይዛል። በአንገቱና በእጀታው መካከል 4 አምድ ባዶ ይቀራል። ያችን ባዶ ጠብቂያት፤ ከ3 ካነሰች ስልክ ላይ ትደፈንና ጀበናው ድንች ይሆናል።

ቀለም አራት፣ በቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ቅደም ተከተል፦ ዙሪያው 28፣ 20፣ 24፤ ዋናው 66፣ 44፣ 40፤ ጥላ ያልነካው 112፣ 74፣ 58፤ ብርሃኑ 206፣ 158፣ 116። ብርሃን ከላይ ከግራ ይምጣ። ብርሃኑን ከረድፍ 18 እስከ 20፣ አምድ 12 እና 13 ላይ ብቻ አድርጊ፣ 6 ነጥብ ይበቃል። ጥቁሩን ዙሪያውን በሙሉ አዙረሽ መሃሉን ብቻ ካፈካሽ የተነፋ ትራስ ይወጣልሻል፤ የጀማሪ ሥራ ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጥላው ከታች በቀኝ በኩል እንደ ጨረቃ ማጭድ ሆኖ 3 ነጥብ ይስፋ።

ሰኔና ሰኞ፦
ብዥታው ሁለት ምክንያት አለው፣ ሁለቱም ኤክስፖርት ላይ ናቸው።

አንደኛው ማሳደጉ። 32 ነጥብ ወደ 1,080 ስታሳድጊ 33.75 ጊዜ ነው። ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ አንዱ ነጥብ 33፣ ሌላው 34 ይወጣል፣ ወይም አፑ በመካከል አለስልሶ ይሞላዋል። መፍትሔው በሙሉ ቁጥር ማባዛት ነው፦ 32 ጊዜ 32፣ 1,024 በ1,024። ማሳደጊያው ዘዴ ሲጠይቅሽ «ኒረስት ኔበር» በይ፤ ሌሎቹ ሁሉ ያለሰልሳሉ።

ሁለተኛው ጄፔግ ነው። ቴሌግራም «ፎቶ» ብለሽ የላክሽውን ወደ ጄፔግ ይለውጠዋል። ጄፔግ ስዕሉን 8 በ8 እየቆራረጠ ይጨምቃል፣ ቀለሙን ደግሞ ከብርሃኑ ባነሰ ዝርዝር ያስቀምጣል። ለፎቶ ችግር የለውም። ፒክስል አርት ላይ ግን ቀይ ከጥቁር ጎን ሲሆን ጠርዙ ላይ ይፈስሳል፣ ዙሪያውም የትንኝ መንጋ የሚመስል ነገር ይወረዋል። በፒኤንጂ አስቀምጪና «ፋይል» ብለሽ ላኪ። ሰው ሳያወርድ እንዲያየው የግድ በፎቶ የምትልኪ ከሆነ ያው 1,024 ይሁን፤ አንዷ ነጥብ 32 ስለምትሆንና 32 ለ8 ስለሚካፈል መቁረጫው ከነጥቦችሽ ጠርዝ ጋር ይገጥማል፣ ጉዳቱ ይቀንሳል። ኢንስታግራም ላይ ከሆነ 960 (30 ጊዜ) አድርገሽ 1,080 ሸራ መሃል ላይ አስቀምጪው፣ በየጎኑ 60 ባዶ ይቀራል።

ባለብሩሽ፦
ከነጥብ በነጥብ ጋር ትንሽ አልስማማም። ዓላማሽ የጌም መልክዓ ምድር መሣል መማር ከሆነ 30 ቀን ሙሉ ዕቃ፣ ጭራቅና ሰው ብቻ መሥራት እጅን ያስለምዳል እንጂ ዓይንን አያሠለጥንም። በማውስም ይቻላል። ክሪታ ነፃ ነው፤ 800 በ450 ሸራ፣ ከ5 ሌየር (ንብርብር) በታች ከሆነ 4 ጊጋ ራም ይችለዋል። ብሩሹን ተዪው። ቅርጹን በመምረጫ መሣሪያ ዙሪያውን ቆርጠሽ በቀለም ሙይው፣ ያኔ ጫና አያስፈልግም።

ከምትወጂው ጌም አንድ ስክሪንሾት አንሺና በሦስት ግራጫ ብቻ ሥሪው፦ ሰማይና ሩቁ ፈዛዛ፣ መካከሉ መካከለኛ፣ ቅርቡ ጥቁር። 10 ደቂቃ። ከዚያ 20 ደቂቃ ቀለም። ከስክሪንሾቱ ላይ ቀለም በመምጠጫው አትውሰጂ፤ በዓይንሽ ገምተሽ ቀላቅይና ሲያልቅ ብቻ መጥጠሽ አወዳድሪ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ስህተት ሣሩን ከሚገባው በላይ አረንጓዴ፣ ጥላውን ከሚገባው በላይ ጥቁር ማድረግ ነው።

ነጥብ በነጥብ፦
ባለብሩሽ ያልከው ልክ ነው፣ ግን በየቀኑ አይሁንባት። በየስድስተኛው ክፍት ቀን ላይ ዕዳ ከሌለባት ታስገባው። ዘዴ በየቀኑ መቀያየር ግን ሁለቱንም ያስጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የጌሙን ኦሪጅናል ስፕራይት (ተሠርቶ ያለቀውን የገጸ ባሕሪ ወይም የዕቃ ምስል) ከኢንተርኔት አውርዶ ቀለም መቀየር እንደ ስዕል አይቆጠርም፣ ያወቀ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ሪፈረንሱን ጎን ላይ ክፈቺ፣ ከሥር ሌየር አታድርጊው። የታወቀ ገጸ ባሕሪ ለልምምድ መሣል የተለመደ ነው፤ ቲሸርት ላይ አትሞ መሸጥ ግን የባለቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል።

ሚጥሚጣ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ወሩ እስኪገባ አንድ ሙከራ ልሥራ ብዬ ቁልፍ ሠራሁ። ከሩቅ ማንኪያ ይመስላል። ቀለበቱ 9 በ9፣ ዘንጉ 1 ነጥብ ውፍረት፣ ጥርሶቹ አንድ አንድ ነጥብ ናቸው፣ ትንሽ አዘንብዬዋለሁ።

ከሰል፦
ችግሩን ራስሽ ጽፈሽዋል። 1 ነጥብ የሆነ ጥርስ ስልክ ላይ አይታይም፣ ስለዚህ የሚቀረው ክብ ራስና ዘንግ ነው፤ ያ ደግሞ ማንኪያ ነው። ቀለበቱን 11 በ11 አድርጊና መሃሉን 5 በ5 ክፈቺው። ዘንጉ 3 ነጥብ ይወፍር፣ 14 ይርዘም። ሁለት ጥርስ፣ እያንዳንዱ 3 በ3፣ በመካከላቸው 2 ባዶ።

«ትንሽ አዘንብዬዋለሁ» ያልሽው ደግሞ ደረጃውን ያበላሸዋል። ያጋደለ መስመር በነጥብ ሲሠራ 1፣ 1፣ 1 ወይም 2፣ 2፣ 2 እያለ መውረድ አለበት። 2፣ 1፣ 3፣ 1 ካለ ዓይን የተሰበረ አድርጎ ያየዋል። ወይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ወይ በ45 ዲግሪ አጋድሚው። ከሁለቱ ውጭ ያለውን ለቀን 20 አቆዪው።

ሚጥሚጣ፦
ቀጥ አደረግኩት፣ ጥርሱን 3 በ3። ከአንድ ሜትር ርቀት ስልክ ላይ አየሁት፣ ቁልፍ ነው። 52 ደቂቃ ፈጀብኝ ግን።

ነጥብ በነጥብ፦
12ቱ ደቂቃ የት እንደሄደ ልገምት? ቀለም ስትመርጪ። አራቱን ቀለም አሁኑኑ ፓሌት አድርገሽ ሴቭ አድርጊና የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀናት በሱ ብቻ ሥሪ።