በጎያ ሥዕል ላይ በዱላ የሚፋለሙት ሁለት ሰዎች ምንን ይወክላሉ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ማድሪድ በሚገኘው የፕራዶ ሙዚየም ያለ አንድ የፍራንሲስኮ ጎያ ሥዕል፣ ሁለት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው መሬት ውስጥ የተቀበሩ መስለው በዱላ ሲፋለሙ ያሳያል። የአንደኛው ፊት በደም ተለውሷል። ይህን ሥዕል የአንድ አገር ሕዝብ መከፋፈል ምልክት አድርጎ መመልከት ተገቢ ነውን?

ምላሽ 1፦
በእኔ እምነት ተገቢ ነው። ጎያ ሥዕሉን በቤቱ ግድግዳ ላይ የሣለው እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1823 ገደማ ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት ስፔን በሕገ መንግሥት ደጋፊዎችና የንጉሥ ፈርዲናንድ ሰባተኛን ፍጹማዊ ሥልጣን በሚሹ ወገኖች መካከል ተከፍላ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ፣ ሠዓሊው ለሁለቱ ሰዎች ወገናቸውን የሚያስለይ ባንዲራም ሆነ መለዮ አለመስጠቱ ነው፤ ማን እውነት እንዳለው ሳይነግረን፣ አንዳቸውም መሸሽ እንደማይችሉ ብቻ ያሳየናል።

ምላሽ 2፦
አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሥዕሉ በ1870ዎቹ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ሸራ ሲዛወር ጉዳት ደርሶበታል፤ ከዚያ በፊት የተነሣውን ፎቶግራፍ ያጠኑ ባለሙያዎችም ሰዎቹ የቆሙት በሣር መካከል ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ። ስለዚህ ትርጓሜውን ሁሉ በተቀበሩት እግሮች ላይ መመሥረት አያስተማምንም። በተጨማሪም ለሥዕሉ ርእስ የሰጡት ሌሎች እንጂ ጎያ ራሱ አይደለም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሣሩ የተነገረውን እቀበላለሁ፤ ሆኖም እግራቸው በሣር የተሸፈነ ቢሆን እንኳ፣ በአጠገባቸው አንድም ገላጋይ አለመኖሩ አይለወጥም፤ እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።