ለቁንዝላና ለደልጊ የእህል መጋዘን፦ የጋራ ምክረ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦
የመጀመሪያው ረቂቅ ተያይዟል። ማኅበራችን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በጣና ሐይቅ ላይ በቁንዝላና በደልጊ ዳርቻ መጋዘን፣ ሚዛን፣ እንዲሁም በክረምትም በበጋም ጀልባ የሚጠጋበት የድንጋይ መድረክ እንዲሠራ ነው። ወደብ ለአካባቢው የሚጠቅመው መርከብ ስለቆመበት ብቻ ሳይሆን፣ ገበሬው ጤፉንና ዳጉሳውን ከጣሪያ ሥር አሳድሮ ዋጋ ሲመርጥ፣ ጫኝና አውራጅ የዕለት ሥራ ሲያገኝ፣ የሚሰበሰበውም ኪራይ ወደ ሌላ ቋት ሳይሄድ ተመልሶ ለወደቡ ሲውል ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ ድረስ ይቀርብ።

የደልጊው እህል ነጋዴ፦
እደግፋለሁ። ባለፈው ነሐሴ ስምንት ኩንታል ሽምብራ ሳስጭን ጫኞቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው በአንዲት ጠባብ ሳንቃ ይወጡ ነበር፤ ሳንቃዋ ስትንሸራተት ሁለት ጆንያ ውኃ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ሽምብራው አብጦ ጆንያውን ወጥሮት አገኘሁትና ለከብት መኖ በሚሸጥበት ዋጋ ሰጠሁት። ይህ ኪሳራ በረቂቁ ይጻፍ።

የባሕር ዳሩ ጀልባ ባለቤት፦
በአንደኛው ገጽ «የቁንዝላ ወደብ» የሚለው ይታረም። ወደብ የሚባሉት ባሕር ዳርና ጎርጎራ ናቸው፤ ቁንዝላ ማቆሚያ ነው። ያልሆነውን ነው ብለን ከጻፍን የሚያነበው ኃላፊ ሌላውንም አያምነንም።

የቁንዝላው አባል፦
ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በየሳምንቱ ይመላለስ የነበረው መርከብ የሚያድረው ቁንዝላ እንደነበር እያወቁ ይህን መጻፍዎ አሳዝኖኛል። ተሳፋሪው እራት የሚበላውም አልጋ የሚከራየውም በእኛ ከተማ ነበር፤ እናቴ ልጆቿን ያሳደገችው ለዚያ መርከብ ሰው እንጀራ እየሸጠች ነው። መርከብ የሚያድርበትን ቦታ ማቆሚያ ማለት የከተማውን ታሪክ መፋቅ ነው።

የጎርጎራው አባል፦
ጎርጎራ ወደብ የተባለው ሰው ስላደረበት ሳይሆን ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የመርከብ መድረክ ስላለው ነው። መጀመሪያ መድረኩ ይሠራ፤ ስሙ ከዚያ ይከተላል።

የቁንዝላው አባል፦
ስሙ ሳይጠራ ማን መድረክ ይሠራልናል? በጀት የሚያዘው ለወደብ ነው፤ ለማቆሚያ በጀት ሲያዝ አይቼ አላውቅም።

የባሕር ዳሩ ጀልባ ባለቤት፦
መዋጮ በየወሩ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሂሳብ መዝገቡ ይናገራል። የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት አባል በረቂቁ ቃል ላይ ሊሟገት አይገባውም።

የቁንዝላው አባል፦
ውዝፉ ያለብኝ ሞተሬ ተበላሽቶ ጀልባዬ ዳርቻ ላይ ስለቆመች መሆኑን በስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ። ገንዘቡን ነገ እከፍላለሁ፤ «ወደብ» የሚለው ቃል ግን አይነካም።

ሲያትል ያለው አባል፦
እኔም በአንድ ጀልባ ላይ ድርሻ ስላለኝ ልናገር። በምኖርበት በዋሽንግተን ግዛት ነዋሪው በድምፁ የወደብ ወረዳ የሚያቋቁምበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1911 ወጥቷል። ዛሬ 75 ያህል ወረዳዎች ሲኖሩ ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ትልቅ መርከብ ጨርሶ የማይደርስባቸውም አሉ። በሕዝብ የተመረጡ ኮሚሽነሮች መሬቱን በሕዝብ ስም ይዘው መጋዘንና የሥራ ሼድ እየሠሩ ለነጋዴውና ለአምራቹ ያከራያሉ። በዚያ አገር አንድን ቦታ ወደብ የሚያሰኘው የመርከቡ ትልቅነት አይደለም፤ ስለዚህ የኪራዩ ነገር በረቂቁ ጎላ ብሎ ይውጣ እላለሁ።

የባሕር ዳሩ ጀልባ ባለቤት፦
የአሜሪካ ሕግ ጣና ላይ አይሠራም። የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው።

የሂሳብ ሹሟ፦
ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል ተጽፎ ስለ ውኃው ማንም አላነሣም። መርከብ የሚንቀሳቀሰው የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር ካልወረደ ነው። በ1995 ዓ.ም. ከዚያ በታች ወርዶ ጉዞው ለወራት መቋረጡን፣ ውኃው በሸሸበትም መሬት ገበሬው መዝራቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ከፍታው በተፈጥሮ ብቻ ስለማይወሰን፣ መድረኩ ወደ ውስጥ ምን ያህል መግባት እንዳለበት ሳይለካ የሚቀርብ ጥያቄ በበጋ ደረቅ መሬት ላይ የሚቀር ድንጋይ ያሠራናል። ልኬቱን በሁለት ሳምንት እናመጣለን ያሉት ሁለት አባላት የት ደረሱ? ወሩ አልቋል።

የሂሳብ ሹሟ፦
ለሁለቱም ደውያለሁ። አንደኛው አያነሣም፤ ሁለተኛው ለሥራ ወደ መተማ ሄዷል።

የባሕር ዳሩ ጀልባ ባለቤት፦
ስለ ውዝፉ የጻፍሁት ከልክ ያለፈ ነበር፤ የቁንዝላው ወንድሜ ይቅር ይበለኝ። በቃሉ ግን አልስማማም። «የውኃ ትራንስፖርት አገልግሎት መስጫ ጣቢያ» ቢባል ለሁላችንም ይሆናል።

የቁንዝላው አባል፦
ይቅር ብያለሁ። ጣቢያ የሚለውን የምቀበለው ከተማው መግቢያ ላይ «ቁንዝላ» የሚል ትልቅ የብረት ሰሌዳ እንዲተከል በረቂቁ ከገባ ነው።

የጎርጎራው አባል፦
ሰሌዳ ከተጠየቀ ለጎብኚዎችም ጥላ ያለው መጠበቂያ ይጠየቅ። በገበታ ለሀገር ጎርጎራ ከለማ ወዲህ ጥያቄያችንን ከቱሪዝም ጋር ብናያይዘው ሰሚ እናገኛለን። ወደ ደቅና ወደ ናርጋ ሥላሴ የሚሻገረውም ምእመን ቢሆን በፀሐይ ነው የሚጠብቀው።

የባሕር ዳሩ ጀልባ ባለቤት፦
ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄደው እንግዳ ስለሚበዛ መጠበቂያው ከባሕር ዳር ይጀመር።

ጸሐፊው፦
ሦስተኛው ረቂቅ ተያይዟል። በባሕር ዳርና በጎርጎራ የመንገደኞች መጠበቂያ በአንደኛው ምዕራፍ፣ የቁንዝላ ሰሌዳም አብሮ ገብቷል። መድረኩ ልኬቱ ስላልቀረበ፣ መጋዘኑም ከመድረኩ ተነጥሎ ስለማይሠራ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተላልፈዋል። ሰኞ ለፊርማ ይቀርባል።

የደልጊው እህል ነጋዴ፦
ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ደልጊ የሚለውን ስም አላገኘሁም። ሚዛኑስ የት ገባ?

ጸሐፊው፦
ሚዛኑ ከመጋዘኑ ጋር የሚታይ ነው።

የደልጊው እህል ነጋዴ፦
እንግዲያው እኔ አልፈርምም። ጤፍ በታኅሣሥ ስለምጭን ሰፊ ሸራና ወፍራም ሳንቃ ያለው አባል ቢያከራየኝ የጀልባውን ሒሳብ ጨምሬ እከፍላለሁ።