ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ የሕፃናት ገንፎ ሠርቶ ማሳያ እንዴት ላካሂድ?

ጠያቂ (ጤና ኤክስቴንሽን፣ ሰሜን ሸዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። በገጠር ቀበሌ የምሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ልጅ ላላቸው እናቶች የገንፎ ሠርቶ ማሳያ ማዘጋጀት አለብኝ። እንቁላል ወይም ወተት ይገባበታል ተብሏል። እናቶቹ ደግሞ "ልጄን አልከለክልም፣ ግን ዕቃዬን ፍስክ ይነካብኛል" ይላሉ። ትናንት አንድ ቤት ገብቼ ነበር። ጥግ ላይ ጭድ ውስጥ እንቁላል ተደርድሯል። የዘጠኝ ወሩ ልጅ ግን ቀጭን አጥሚት በጡጦ ይጠጣል። እንቁላሉ ለቅዳሜ ገበያ ነው። በዚያ ላይ እናቶቹ ሳይቀምሱ ምን ሠርቶ ማሳያ ነው? እስኪ ልምዳችሁን አካፍሉኝ።

ነባር ኤክስቴንሽን፣ ደቡብ ወሎ
እህቴ፣ መጀመሪያ የድስቱን ነገር ፍቺ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛ ጋ እያንዳንዷ እናት የልጅ ዕቃ ለየች። አንዲት ትንሽ ድስት ወይም ጣሳ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርንበት። ገንፎው በቤቱ ድስት የጾም ሆኖ ይሠራል። እንቁላሉ በልጁ ጣሳ ይቀቀላል፣ በደንብ ይበስላል፣ ይላጣል፣ ልጁ ሳህን ላይ ተፈጭቶ ይደባለቃል። ወተቱም እዚያው ጣሳ ውስጥ ይፈላል። የቤቱን ዕቃ የነካ ነገር የለም።

ቀኑን ደግሞ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አድርጊው። ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ስለሌለ እናቶቹ የጾሙን ገንፎ ይቀምሳሉ። እንቁላል የገባበትን ልጆቹ ይበላሉ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ በጾም እንቁላል ይረክሳል። "ርካሽ ሲሆን ሽጠሽ ምን ታተርፊያለሽ፣ አንዱን ለልጅሽ አስቀሪ" ስትያቸው ይገባቸዋል። ፋሲካ ሲደርስ እንዲህ ብለሽ አትሞክሪ፣ ማንም አይሰማሽም።

የከተማ ልጅ
ምን ያጨናንቃል? እንቁላሉን ቀቅለሽ ፈጭተሽ ደባልቂው። ማን ያያል?

ነባር ኤክስቴንሽን፣ ደቡብ ወሎ
ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ምክር ይቅርብን። አንድ ቀን ከታወቀ ክትባት ስጪ ብትባልም በር አይከፈትላትም።

ዲያቆን
ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዲጾም አይገደድም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከራለች። ይሄን እናቶቹ ራሳቸው ያውቃሉ። የሚፈሩት ዕቃውንና የጎረቤትን አፍ ነው። ስለዚህ የደብሩን አስተዳዳሪ ቀርበሽ አነጋግሪ። ካህኑ በዐውደ ምሕረት አንዴ ከተናገሩት፣ ቤት ለቤት ስትዞሪ የምትከራከሪው ይቀንስልሻል። ስትሄጂ ግን ጾሙን የሚያቀልሉ እንዳይመስላቸው ተጠንቀቂ። "ልጆቹን በተመለከተ አስተምሩልኝ" በይ፣ ይበቃል።

ነርስ (ጤና ጣቢያ)
ዲያቆኑ ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን እንቁላሉ ላይ ብቻ እንዳትንጠለጠዪ እላለሁ። ከሁሉ በፊት ያ ጡጦ ይቅር። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም፣ የማይንጠባጠብ ይሁን። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ገብስ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ያለው ይበቃል፤ ከሽምብራ ወይም ከምስር ጋር። ጥራጥሬው ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ይፈጭ። ጎመን በደቃቁ ከትፈሽ ጨምሪ፣ ወይም ዱባ። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ጠብ አድርጊበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ስብ በደንብ አይዋጥም። ወፍራሙን ልጁ እምቢ ካለ ጥቂት የብቅል ዱቄት ያለሰልሰዋል። ለጠላ ብቅል የማታበቅል እናት እናንተ ጋ አትጠፋም መቼም።

ልክ፦ ስድስት ወር ላይ በሁለት ሦስት ማንኪያ ይጀመራል። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር ግማሽ ብርጭቆ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ጡቱ አይቋረጥም። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ በፍጹም አይሰጥም፣ "ለደረት ነው" ቢሉሽም።

ሌላው፣ ልጆቹ ተሰብስበው ሳሉ የክንዳቸውን ዙሪያ ለኪ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ በገንፎ አይድንም፣ ያንኑ ቀን ሕክምና ይጀምር። በ11.5 እና በ12.5 መካከል ያሉትን መዝግበሽ ተከታተዪ። መቀንጨርን፣ ማለትም ቁመት ለዕድሜ ማጠሩን፣ ግን ክንድ አያሳይም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ነበር። ብዙዎቹን ብታያቸው ደህና ልጅ ይመስሉሻል።

የሁለት ልጆች እናት
እኔ በእናቶች ወገን ልናገር። አንድ ብርጭቆ ሽምብራና ሦስት ብርጭቆ ገብስ ይዘን ወፍጮ ቤት ብንሄድ ይሥቁብናል። ትንሽ እህል አይፈጩም። እኛ ለአራት ሆነን አዋጥተን አስፈጨንና ተካፈልን። ደግሞ አማቾችን ጥሪያቸው። እንቁላሉ ይሸጥ አይሸጥ የምወስነው እኔ መሰልኩሽ? ቡና አፍልተሽ አማቴን ከፊት ብታስቀምጫት ግማሹ ሥራ አለቀልሽ።

ጠያቂ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ የደብሩን አስተዳዳሪ አነጋግራለሁ፣ አማቾችንም እጠራለሁ። ክሩን ደግሞ ወድጄዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ በኅብረት የተፈጨው ዱቄት ምን ያህል ይቆያል?

ነርስ (ጤና ጣቢያ)
ብቅሉን ለብቻው አስቀምጡት። ዱቄቱን ደረቅ ዕቃ ውስጥ ከድናችሁ፣ ከእርጥበት አርቃችሁ ያዙ። ሳታበዙ በየሁለት ሳምንቱ ብታስፈጩ ይሻላል። ሻግቶ ወይም ሽታው ተለውጦ ካገኛችሁት አውጥታችሁ ጣሉት፣ ለልጅ አይሰጥም።