በባሕር ዳር የሚሠሩ የሴቶች መብትና የፍትሕ ድርጅቶችን በኢንተርኔት ማጣራት

የክበብ አስተባባሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች ክበብን አስተባብራለሁ። ከዘጌ፣ ከመራዊ፣ ከሐሙሲትና ከሌሎችም አካባቢዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ጥቃት ሲደርስባቸው፣ ቤተሰብ ያለ ዕድሜያቸው ሊድራቸው ሲነሣ ወይም አከራይ ሲያስቸግራቸው ወዴት ማምራት እንደሚችሉ የሚያሳይ አንድ ገጽ ማውጫ ለማዘጋጀት አስበናል። ለዚህም በከተማዋ የሚሠሩ የሴቶች መብትና የማኅበራዊ ፍትሕ ድርጅቶችን በኢንተርኔት ማፈላለግ ጀምረናል፤ ሆኖም የምናገኘው መረጃ እርስ በርሱ አይገጥምም። ፍለጋው በአብዛኛው የሚያወጣልን ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ የሆኑትን ነው። የባሕር ዳር አድራሻ ያላቸው ደግሞ የፌስቡክ ገጻቸው ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ፣ ካልሆነም ከሥልጠና ፎቶግራፍ በቀር ምንም የማይናገር ነው። አንድ ድርጅት በእርግጥ ሥራ ላይ መሆኑን፣ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሰጥና ልጆቹን አምነን ልንልክበት የምንችል መሆኑን በኢንተርኔት እስከ ምን ድረስ ማጣራት ይቻላል? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉን እናመሰግናለን።

ጠበቃ ከግሽ ዓባይ

እኅቴ፣ ፍለጋውን ከሕጉ ብትጀምሩት ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል። አሁን በሥራ ላይ ያለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሚመዘገቡት የውጭ ድርጅቶች፣ ከአንድ በላይ በሆነ ክልል የሚንቀሳቀሱ አገር በቀል ድርጅቶች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠሩት ናቸው። አማራ ክልል ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀስ ማኅበር ጉዳዩ የክልሉ ስለሆነ፣ ስሙ በፌዴራሉ ዝርዝር ውስጥ አለመገኘቱ ብቻ የሚያስጠረጥረው አይደለም። እድርና ዕቁብን የመሳሰሉትን አዋጁ ጭራሹን አይመለከታቸውም። ስለዚህ ድርጅቱ የት ሊመዘገብ ይገባው እንደነበር ሳትለዩ «የለም» ብላችሁ አትሰርዙት። የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አስተዳደራዊ ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ አዋጁ ይደነግጋል። ሪፖርታችሁን እንይ ስትሉት የሚያንገራግር ድርጅት ካጋጠማችሁ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሌላው ብዙ ፈላጊ የሚስተው ነገር አለ። ከዚህ አዋጅ በፊት የነበረው ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነትና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ድርጅቶች የመብት ሥራቸውን ትተዋል፤ ያልተዉትም ልማት፣ ጤና ወይም አቅም ግንባታ በሚል ስም ሥር ይዘውት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተውና ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት የሚታወቀው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሳይቀር የባንክ ሒሳቡ ታግዶበት፣ ሥራውን በእጅጉ ለመቀነስ ተገድዶ ነበር። በመሆኑም ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተጻፉ ሰነዶችን ስትፈልጉ «የሴቶች መብት» በሚለው ብቻ አትወሰኑ፤ በገቢ ማስገኛ፣ በሥነ ተዋልዶ ጤናና በልጃገረዶች ትምህርት ስም ጭምር ፈልጉ። የተጠቀሰው ማኅበር በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ ከማውጫችሁ መጀመሪያ ላይ ቢቀመጥ መልካም ነው።

የቀድሞ የፕሮጀክት ሠራተኛ

ጠበቃው ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ላይ መገኘት ድርጅቱ ዛሬ ቢሮውን ከፍቶ እንደሚያስተናግድ አያረጋግጥም። እኔ በበኩሌ የማምነው የገንዘቡን መንገድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድን የመሳሰሉ ለጋሾች ድጋፍ ያደረጉላቸውን ድርጅቶችና የፕሮጀክቶቹን የቆይታ ጊዜ ያሳውቃሉ። ከዚያ የሚገኘው መረጃ ድርጅቱ ስለ ራሱ ከሚጽፈው የበለጠ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም የማብቂያ ቀን አለው።

ፕሮጀክትን ከድርጅት መለየት በተለይ በእኛ አካባቢ የግድ ነው። ለምሳሌ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የሚፈልግ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው «ብርሃነ ሔዋን» የሚለውን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በክልላችን የተጀመረ፣ ውጤቱም በጥናት የተመዘነ ፕሮግራም በመሆኑ ብዙ ተጽፎለታል፤ ሆኖም ዛሬ አንዲት ተማሪ የምታንኳኳው በር አይደለም። እንደዚሁም አመልድ (የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት) እና አልማ (የአማራ ልማት ማኅበር) ባሕር ዳር ላይ ትልልቅ ስም ያላቸው ድርጅቶች ቢሆኑም በዋናነት የልማት ተቋማት ናቸው፤ የተደፈረች ልጅ ጠበቃ ፍለጋ ወደ እነርሱ ብትሄድ መንከራተት ይሆንባታል። በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብም በሴትና በወንድ እኩልነት የታወቀ በመሆኑ በየፍለጋው ብቅ ይላል፤ ጎብኝታችሁ ብትማሩበት ደስ ይለኛል፤ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ግን ስላልሆነ በማውጫው ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለ ፌስቡኩ ዝምታ ግን በችኮላ አትፍረዱ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ገጹን ያላደሰ ማኅበር ሁሉ ሞቷል ማለት አይቻልም። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከመጠን በላይ የሚለጥፈው ነው። ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ፊት እያሳየ፣ የመጡበትን ቀበሌ እየጠቀሰ የእርዳታ ጥሪ የሚያስተላልፍ ገጽ ካያችሁ፣ ፈቃዱም ሪፖርቱም የተሟላ ቢሆን እንኳ ልጅ አትላኩበት።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የአማርኛ ፍለጋችሁ ውጤት ያጣው ምናልባት በፊደል ምክንያት ነው፤ «ማኅበር»ን በሀ፣ በሐ እና በኀ እየለዋወጣችሁ፣ «ባሕር ዳር»ንም ለያይታችሁና አጣብቃችሁ፣ በላቲን ፊደልም ጭምር ሞክሩ። ሁለተኛ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ተመልከቱ። የሕግና የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ለጥናታቸው በከተማዋ ያሉ ድርጅቶችን ሠራተኞችና ተገልጋዮች ያነጋግራሉ፤ ከድርጅቱ ድረ ገጽ የማታገኙትን፣ ማለትም ተገልጋይ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰና የት ላይ ተስፋ እንደቆረጠ፣ እዚያ ታገኙታላችሁ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ራሱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ስላሉት በማውጫችሁ አካትቱት።

የክበብ አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ጊዜያዊ መጠለያ የሚሰጡ ማረፊያ ቤቶችን አድራሻ በኢንተርኔት አጣን። ሰው ጠይቀን ብናገኘው በማውጫው ላይ ማስፈር እንችላለን?

ጠበቃ ከግሽ ዓባይ

በፍጹም አታስፍሩት። አድራሻው ያልተጻፈው ሆን ተብሎ ነው፤ አጥቂው ባል ወይም ዘመድ ተከታትሎ እንዳይመጣ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ሴቶች ወደ ማረፊያ ቤት የሚገቡት በፖሊስ፣ በሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በሕክምና ተቋም በኩል ተልከው ስለሆነ፣ እናንተም የእነዚህን አድራሻ ብቻ ጻፉ። ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት ያለውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንንም ጨምሩ፤ ፖሊስ አቤቱታዋን አልቀበልም ያላት ልጅ ልትሄድበት ትችላለች።

የእድር ጸሐፊ

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ጠበቃው እድር በአዋጁ ውስጥ የለም ብለዋል፤ በኢንተርኔትም የለም። እኛ ሰፈር ግን ተከራይ ተማሪ ስትታመም ወይም አከራይ ሌሊት ሲያስወጣት መጀመሪያ የምትደርስላት የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናት። ከላይ የተዘረዘሩት ድርጅቶች የቢሮ ሰዓት አላቸው። በየቀበሌው ፈቃደኛ የሆኑ የእድር ሰብሳቢዎችን ስልክ በእጅ አሰባስባችሁ ከማውጫው ጀርባ ጻፉ፤ እነርሱ በየዓመቱ ስለሚቀየሩ መስከረም ላይ እያደሳችሁ፣ የተረጋገጠበትን ወርና ዓመት ከግርጌ አስፍሩ። ለእኛ ቀበሌ ያለውን እኔ ጠይቄ በግል መልእክት እልክልዎታለሁ።