ፎክስ ሌክ አጠገብ ቤት ልንገዛ ነው፣ የጎርፍ ካርታውን የሚያስረዳኝ አለ?

ሰላም ወገኖች። ኢሊኖይ፣ ሌክ ካውንቲ ውስጥ ቤት ልንገዛ ነው። የፌማ (የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ ላይ የጓሮው ግማሽ ዞን ኤኢ፣ ቤቱ ያረፈበት ደግሞ ዞን ኤክስ፣ ማለትም ከከፍተኛ የጎርፍ አደጋ ክልል ውጭ ነው። ኤኢ ማለት በየዓመቱ ቢያንስ 1 በመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል አለው ማለት ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በ30 ዓመት የቤት ብድር ሲታሰብ ወደ 26 በመቶ ይደርሳል፣ እንቅልፍ የነሳኝም ይሄ ነው። ደላላው "ኤክስ ላይ ስለሆነ የጎርፍ ኢንሹራንስ አያስፈልግም" ይለኛል። ባንኩ ባያስገድድስ? ጁላይ 2017 የፎክስ ወንዝ ሞልቶ ስንት ቤት ውሃ ገባበት! ተራው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍ አይሸፍንም። ልጆቼ የሚተኙት ቤዝመንት ነው። የቤቱን ከፍታ የሚያሳየውን ሰርተፊኬት ሻጩን ልጠይቅ ወይስ ራሴ ቀያሽ ልቅጠር? ኤክስ ላይ ሆናችሁ ኢንሹራንስ የገባችሁ ካላችሁ፣ በዓመት ስንት ትከፍላላችሁ? እባካችሁ ሳልፈርም ንገሩኝ።