2147483647 በምን ይካፈላል?

የከዚራው ጡረተኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። የልጅ ልጄ ስልኩ ላይ የሚጫወተው ጌም ነጥቡ 2147483647 ደርሶ ቀጥ አለ። ቢጫወት ቢጫወት አንድም አይጨምር። እኔ ምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ሒሳብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝና ቁጥር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። አሃዞቹን ብደምራቸው 46 መጣ፣ ስለዚህ በ3ም በ9ም አይካፈልም። በ7 ሳካፍለው 1 ተረፈ፣ በ11ም 1፣ በ13 ደግሞ 10። የድሬ ሙቀት ከሰዓት ከቤት አያስወጣም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በባለካሬ ደብተር እስከ 97 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ በማይካፈሉት) ሁሉ ሞከርኩት። ያለ ቀሪ የገባ የለም። እስከ ስንት ልሂድ? ነጥቡስ ለምን እዚህ ላይ ቆመ?

ፕሮግራመር ከሳቢያን፦
ጋሼ፣ ስልክ ማንኛውንም ቁጥር የሚይዘው በ0 እና በ1 ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ነጥብ ብዙ ጊዜ 32 ቦታ ይሰጠዋል፤ አንዱ ለፕላስና ለማይነስ ምልክት ይሄዳል። በቀሩት 31 ቦታዎች ሁሉ 1 ሲሞላ የእርስዎ ቁጥር ይመጣል። 2ን 31 ጊዜ አባዝተው 1 ይቀንሱ፣ ያገኙታል።

የሒሳብ መምህር፣ ሐረር፦
አባባ፣ እጅዎ ይባረክ። 46340 ላይ ሲደርሱ ያቁሙ፤ 46341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥርዎ ይበልጣል። ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው፣ አብሮት የሚባዛው ከዚያ ያነሰ መሆን አለበት። ግን እስከዚያ ድረስ 4792 ብቸኛ ቁጥሮች ስላሉ በሁሉም አይድከሙ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772፣ ዓይኑ ሊጠፋ ምንም ባልቀረው ጊዜ፣ ቁጥሩ ራሱ ብቸኛ መሆኑን ጽፏል። መንገዱ ይኼ ነው፦ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር፣ በ62 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት፤ በ8 ሲካፈል ደግሞ ወይ 1 ወይ 7። ሁለቱን ሲያጣምሩ የሚሞከረው ከ372 አይበልጥም፣ ከእነሱም አብዛኞቹ ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ። እስከ 97 ያሉት አንዳቸውም ይህን አያሟሉም፤ የመጀመሪያው 311 ነው።

የከዚራው ጡረተኛ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን 311ን ሠራሁት። 6905092 ጊዜ ገብቶ 35 ተረፈ። ድሮ ደረሰኝ ስናመሳክር እንደምናደርገው በዘጠኝ ፈተሽኩት፦ 311 አሃዞቹ ሲደመሩ 5፣ ድርሻው 31 ሆኖ 4፣ ሲባዙ 20፣ ማለትም 2፤ የቀሪው 8 ሲጨመር 10፣ ማለትም 1። ዋናው ቁጥርም 46 ሆኖ፣ 10 ሆኖ፣ 1። ገጠመ! ከዚያ ወደ ላይ ስሄድ 497 ውስጥ 7 ገባ፣ 559 ውስጥ 13፣ 1241 ውስጥ 17። እነዚያን ሁሉ ሰርዤ 1303 ላይ ደረስኩ። ልክ ነኝ?

የሒሳብ መምህር፣ ሐረር፦
ልክ ነዎት አባባ። ከእሱ ቀጥሎ 1489 ነው።