«እንደ ልጄ ናት» ተብላ ደመወዝ የማይከፈላት ልጅ፦ ፊሊፒኖች እንዴት አደረጉ?

የማርቆሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ጎረቤቴ ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። ከቢቸና ገጠር «ላስተምርልሽ» ተብላ የመጣች የሥጋ ዘመዳቸው ናት። ትምህርቱ እስካሁን የለም። ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፤ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው ጎኗ የሚያርፈው። ስለ ደመወዟ ባነሣ «እንዴ፣ እንደ ልጄ አይደለች? ምን ጎደለባት?» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ የከበደኝም እሱ ነው። ኩዌት ሳለሁ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነበረች፤ እነሱም አገር የድሃ ዘመድ ልጅ ከገጠር ወደ ማኒላ አምጥቶ ማሠራት የቆየ ነው፣ አሁን ግን ሕግ ወጥቶልናል ትለኝ ነበር። ሕጉ ምን ይላል? ዘመድንስ ይጨምራል?

ከዳንግላ፦
እህቴ፣ ሕጉ ባታስ ካሳምባሃይ ይባላል፤ ፕሬዚዳንት ቤኒግኖ አኪኖ እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረሙት ነው። ሥራ ሳይጀመር የጽሑፍ ውል ይኖራል፣ ያውም ሁለቱም በሚገባቸው ቋንቋ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። በቀን 8 ሰዓት እረፍት፣ በሳምንት ደግሞ ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት። ደመወዝ ቢያንስ በወር አንዴ በጥሬ ገንዘብ እጇ ላይ ይገባል፤ ሲጀመር የማኒላው ዝቅተኛ 2,500 ፔሶ ነበር። 13ኛ ወር ደመወዝ የሚሉት፣ በዓመት አንዴ የሚሰጥ ተጨማሪ ደመወዝም፣ የጤና መድንም አለ።
ዘመድን በተመለከተ፦ ሕጉ ከሠራተኝነት የሚያወጣው በማደጎ መልክ ቤት ውስጥ የምትኖር፣ በእውነት ትምህርት የምታገኝና ለትምህርት ወጪዋ ገንዘብ የሚሰጣትን ልጅ ነው። ላስተምር ብሎ አምጥቶ ምድጃ ሥር ያስቀመጠ ሰው በዚህ አያመልጥም። ደግሞም ሠራተኛም ብትሆን መሠረታዊ ትምህርቷን እንድትጨርስ ዕድል መስጠት የአሠሪዋ ግዴታ ነው።

እማማ ከቡሬ፦
ልጄ፣ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ፊሊፒኖችም እንደኛው ውለታ ያስራቸዋል፣ ያበላኝን ሰው እንዴት ደመወዝ እጠይቃለሁ ትላለች ልጅቷ። ስለዚህ ትልቅ ሰው ይጠይቅላት። እናቷ ባሉበት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ደመወዙና የትምህርት ሰዓቷ ወረቀት ላይ ይስፈር። በልጅቷ ስም የባንክ ደብተር ይከፈት።

ከዳንግላ፦
እማማ ልክ ናቸው፣ በተለይ እኛ ጋ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ብሎ ነው ያለፈው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አብራው ለምትኖር ሠራተኛ አሠሪው በማደሪያዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በእረፍት ሰዓቷ ጤናዋን እንዲጠብቅ ያዛል። ፊሊፒንስ የቤት ሠራተኞችን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቁጥር 189ን፣ ከኡራጓይ ቀጥላ ያጸደቀች አገር ናት። ልጆቿ በየዓረብ አገሩ ስለሚሠሩ፣ ለእነሱ የምትጠይቀውን መብት አገር ቤት መንፈግ አይሆንላትም ነበር። የእኛም ልጆች እዚያው ናቸው፤ ለምን አናጸድቅም?

የማርቆሷ፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ አንተም ወንድሜ። ለእናቷ ደውያለሁ፣ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ እንነጋገራለን። የማታ ትምህርት ምዝገባ ሳያልፍባት ይሄን መጨረስ አለብን።